ብብት ሥር የተሸጎጠች ብልቃጥ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን መደርደሪያዬን ሳስተካክል ድሮ ያነበብኩት አንድ አስቂኝ ልቦለድ እጄ ገባ። ልጅ እምቢ ያላቸው ባልና ሚስት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ሳነበው በእናንተ ዕድሜ ነበርኩ፤ ላብራቶሪ ሥራ ገና መጀመሬ ነው። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ መልሼ አነበብኩት። አሁንም ሳቅኩ፤ የሳቅኩበት ገጽ ግን ሌላ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ባልየው የዘር ፈሳሹን ናሙና ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ላብራቶሪ ሲሮጥ አለቃውን መንገድ ላይ ያገኘዋል። አለቃ እጁን ይዘረጋል። እሱ ደግሞ ክንዱን ማላቀቅ አይችልም። ያኔ ደራሲው አጋነነ ብዬ ነበር። ኧረ ምንም አላጋነነም! ቤት የተወሰደ ናሙና ሳይቀዘቅዝ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። እኔ በመስኮቴ ከብብት፣ ከሹራብ ሥር፣ አንዴም ከካልሲ ውስጥ የወጣች ብልቃጥ ተቀብያለሁ።

አንዱን ወጣት አልረሳውም። ብልቃጧን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ጋዜጣውን ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉን ቦርሳ ውስጥ ከቶ መጣ። ስሙን በሹክሹክታ ነገረኝ። ከግንኙነት ስንት ቀን ታቀብክ ስለው መጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን አየ። (ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ነው የሚፈለገው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።) ሚስቱ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ወፍራም ፋይል አለ። የሆርሞን ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ የማህፀን ቱቦ ራጅ፣ የሁለት ዓመት መመላለስ። የእሱ ግን ይቺ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ልቦለዱን ሳነበው ያ ፋይል ዓይኔ ላይ መጣ። ሚስትየዋ ፍሪጅ ላይ የለጠፈችው የቀን መቁጠሪያ አለ። እንቁላል የምትወጣበት ቀን ሲደርስ ባሏን ከስብሰባ ትጠራዋለች። ወጣት ሳለሁ ጨቅጫቃ መስላኝ ነበር። ለካ ወሩን ብቻዋን የምትሸከመው እሷ ናት። እሱ የሚመረመረው መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ ነው።

በነገራችን ላይ እንዲህ በደወል መጠራራት አያስፈልግም። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ቢበዛ 24 ሰዓት ነው። የወንዱ ዘር ግን ሴቷ ማህፀን ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በየሁለት ሦስት ቀኑ የሚገናኙ ጥንዶች ቀኑ አያመልጣቸውም። ስብሰባውም ይቀጥል።

ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት ስድስት ወር ይበቃል። ስትሄዱ ግን ሁለታችሁም፣ በአንድ ቀን። ከሚቸገሩት ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ ወይ ከወንዱ ብቻ ነው፣ ወይ እሱም አለበት። የእሱ ምርመራ ደግሞ ከሁሉ ይቀላል። መርፌ የለ፣ ራጅ የለ፣ አንዲት ብልቃጥ ናት። እኛ ወንዶች ግን መጨረሻ ላይ እየተጎተትን ነው የምንመጣው። ይሄ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንድ መጥፎ ውጤት ደግሞ ፍርድ አይደለም። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪደርስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከሁለት ወር በፊት የያዛችሁ ከባድ ትኩሳት ዛሬ ወረቀቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ይደገማል። ጂም የምታዘወትሩ ልጆች ደግሞ ይቺን ስሙኝ፦ ጡንቻ ለማውጣት የሚወጉት ቴስቶስትሮን የዘር ምርትን ያቆማል። ወንድነት ይጨምራል ብሎ ተወግቶ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አንድም ዘር ያጣሁለት ጎረምሳ ገጥሞኛል። ብዙ ጊዜ ሲያቆሙት ይመለሳል፣ ግን ወራት ይወስዳል።

ያ ባለ ጋዜጣው ወጣት ለድጋሚ ምርመራ መጣ። ብልቃጧን በባዶ እጁ ይዞ መስኮቱ ላይ አስቀመጣት። ስንት ቀን ብዬ ሳልጠይቀው «አራት ቀን!» አለ፣ ጮክ ብሎ። ወረፋው ሁሉ ዞረ። ሚስቱ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ፋይሉ እሱ ብብት ሥር ነበር።