መዳፌ ላይ የተጻፈ ነገር አለ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለችኝ። ገበያው ከቀዘቀዘ ቆየ። አንዲት ሴት መዳፌን አይታ «በእጅሽ ገንዘብ አይበረክትም፣ ንግድ አልተጻፈልሽም» አለችኝ። ኢዮብ 37፥7ንም ጠቀሰችልኝ። ስላለፈው ሕይወቴ የነገረችኝ ደግሞ ልክ ነበር። ሱቁን ልዝጋው? ለመሆኑ እድል የሚባል ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ መዳፍሽ ስለታየ ብለሽ ሱቅሽን አትዝጊ።

መጀመሪያ ጥቅሱን እንየው። «ሰው ሁሉ ሥራውን ያውቅ ዘንድ የሰውን ሁሉ እጅ ያትማል» ይላል። ከፊቱ ያለው ቁጥር ስለ በረዶና ስለ ብርቱ ዝናብ ነው። ከኋላው ያለው አውሬዎች ወደ ዋሻቸው እንደሚገቡ ይናገራል። ዶፍ ሲወርድ ሰውም እጁን ሰብስቦ ይቀመጣል፤ የፈጣሪን ሥራ ያያል። ስለ መዳፍ መስመር አንድም ቃል የለበትም።

«ያለፈውን አወቀችብኝ» ያልሽው ብዙ ምእመናንን የሚያሰናክል ነገር ነው። አንዳንዱ ከፊትሽና ከአነጋገርሽ የሚገመት ነው። የጨነቀው ሰው ሳይታወቀው ራሱ ያወራል። ሁሉም ግምት ነው ብዬ ግን አልሸነግልሽም። የሐዋርያት ሥራ 16ን አንብቢ። በፊልጵስዩስ የምዋርተኝነት መንፈስ ያደረባት ልጅ ነበረች፤ እየጠነቆለች ለጌቶቿ ብዙ ትርፍ ታስገባ ነበር። ጳውሎስንና ሲላስን እየተከተለች የልዑል እግዚአብሔር ባሪያዎች ናቸው ብላ ጮኸች። የተናገረችው እውነት ነው። ጳውሎስ ግን ምስክርነቷን አልተቀበለም፤ መንፈሱን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አስወጣው። ልክ መናገር ብቻውን ከእግዚአብሔር ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ዘዳግም 18 ምዋርተኛን፣ ሞራ ገላጭንና ጠንቋይን ከልክሎ ወዲያው እግዚአብሔር ነቢይ እንደሚያስነሣ ይናገራል፤ «እርሱን ታደምጣለህ» ይላል። የምንሰማው ስላለን ነው ሌላውን የተከለከልነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ንግርቱ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። «አይሳካልሽም» የተባለች ሴት ሱቋን አርፍዳ ትከፍታለች። አዲስ ዕቃ ማምጣት ትፈራለች። ደንበኛ ሲገባ ፊቷ አይፈታም። በመጨረሻ ስትከስር «ይኸው ነግራኝ ነበር!» ትላለች። ቃሉን የፈጸመችው ግን ራሷ ናት።

እድልስ? መጽሐፍ ቅዱስ አይክደውም። መክብብ 9፥11 ሩጫ ለፈጣኖች፣ ባለጠግነትም ለአስተዋዮች እንዳልሆነ ይናገራል፤ «ጊዜና እድል ግን ሁሉን ይገናኛቸዋል» ይላል። ስለዚህ የከሰረን ሰው ሁሉ ሰነፍ ወይም ኃጢአተኛ ማለት በደል ነው። ታታሪ ሆኖ ያልቀናው ስንት አለ! ባሏ የሞተባትን ሩትን ደግሞ ተመልከቺ። በኋላ ያገባት የቦዔዝ እርሻ ላይ የደረሰችው አስባ አልነበረም። ግን ቃርሚያ ልትለቅም ከቤት ወጥታ ነበር። ማንም መዳፏን አይቶ አልላካትም። እኛ አጋጣሚ የምንለውን እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ አስቀድሞ እንዲነገረን ግን ቃል አልገባልንም።

አሁን ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። የሰጠችሽ ክታብ ወይም የሚታጠን ነገር ካለ ይዘሽላቸው ሂጂ። «ለጨዋታ ነው» እየተባለ የቡና ስኒ በሚነበብበት ቦታም አትቀመጪ፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ስለ ሱቁ ጸልዪ። ከዚያ ኪራዩን፣ ዕዳውንና የወር ሽያጩን ጻፊና በንግድ የቆየ፣ የምታምኚው ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሒሳቡ ዝጊው ካለሽ መዝጋት ኃጢአት የለበትም። ገና ያዋጣል ካለሽ ደግሞ ነገ በጠዋት ክፈቺው።