ፎቶው ስላማረ አትቸኩሉ

በደም ሥር ውስጥ ገብቶ የአንጎልን በሽታ ማከም ለመማር የምትጓጉ ወጣት ሐኪሞች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ሥራው ሱስ ያስይዛል፣ አልዋሻችሁም። በብሽሽት የገባው ቀጭን ቱቦ አንጎል ድረስ ይሄዳል። ፊኛ ትነፋላችሁ፣ ስቴንት (የጠበበውን የደም ሥር ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ) ታስገባላችሁ፣ እንደ ክር የቀጠነው የደም ሥር ስክሪኑ ላይ ይሰፋል። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ይመርቃችኋል። እኔም ስመረቅ ኖሬያለሁ።

በፈረንጆቹ 2011 ግን አሜሪካ ውስጥ ሳምፕሪስ የተባለው ጥናት ውጤት ወጣ። የአንጎላቸው ዋና የደም ሥር ከ70 እስከ 99 በመቶ የጠበበ 451 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ መድኃኒት ብቻ፣ ግማሾቹ ስቴንት ተጨመረላቸው። በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ የመታቸው ወይም የሞቱት ስቴንት ከገባላቸው 14.7 በመቶ፣ ከሌሎቹ 5.8 በመቶ ሆኑ። ምዝገባው ከጊዜው በፊት ቆመ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። «የእኔ እጅ እንደነሱ አይደለም» አልኩ። እንዲህ የማይል የሙያ ባልደረባ እስካሁን አላጋጠመኝም። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዋናው የደም ሥር እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቅርንጫፎች ይወጣሉ። ስቴንቱ የተጋገረውን ስብ ሲገፋው የእነዚህን አፍ ሊደፍን ይችላል። ፎቶው ያምራል፣ ታማሚው እጁን ማንሳት ያቅተዋል።

ስቴንት ከንቱ ነው አላልኩም። የረጋ ደም ድንገት ዋናውን የደም ሥር ሲዘጋ በዚያው ቀጭን ቱቦ (ካቴተር) ጎትቶ ማውጣትማ ሌላ ጉዳይ ነው። የ2015 ጥናቶች አስረግጠውታል። እኔ የማወራው ሁለተኛውን ስትሮክ ስለመከላከል ነው።

ያሸነፈው መድኃኒት ምን ነበር? አስፒሪን፣ ለ90 ቀን ክሎፒዶግሬል (እሱም እንደ አስፒሪን ደም እንዳይረጋ የሚከላከል ኪኒን)፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ140 በታች፣ መጥፎው ኮሌስትሮል ከ70 በታች፣ ሲጋራ ማቆም፣ እንቅስቃሴ። አሰልቺ ነገር! ማንም በር ላይ ቆሞ አይመርቃችሁም።

ስቴንት ያስገባሁላቸው አንድ አባት «ልጄ፣ ጠገንከኝ አይደል? ኪኒኑ ለምኔ?» አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ስቄ ሸኘኋቸው። በሁለተኛው ወር አፋቸው ተጣሞ መጡ። ኪኒኑን ትተውት ነበር።

አሁን ኪኒኖቹን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ። የቱ ለምን እንደሆነ ታማሚው ራሱ መልሶ ይነግረኛል። ቤት የምታስታውሰው ልጁ ካለች እሷም ቁጭ ብላ ትሰማለች። ውጭ ተረኛ በዝቶ ቢያጉረመርምም ታገሱ።