ቁልፉንና ደብተሩን አስረክቦኝ ሄደ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ቤቴ መጣች። የድሮ ጎረቤታችን ልጅ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና ዶኒ አካባቢ በአዋሽ ዳር መሬት ተከራይታለች። ሽንኩርትና ቲማቲም ሊያለሙ ነው። ሦስቱም እዚህ አዳማ ሌላ ሥራ ስላላቸው እርሻውን የሚመራላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ቡናው ሳይቀርብ ጥያቄዋን አወጣችው።

«ጋሼ፣ ታማኝ ሥራ አስኪያጅ ከየት ነው የሚገኘው?»

ቶሎ መመለስ አቃተኝ። «ታማኝ» የምትለዋ ቃል ያዘችኝ። እኔም በ1999 ዓ.ም. እርሻ የሚመራልኝ ሰው ሳፈላልግ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ታማኝ ሰው አገኘሁ። ከዚያ በሰው ፊት ሌባ አልኩት።

ለእሷ የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው። እርሻ የምትጀምሩ ወጣቶች በዝታችኋል፤ ደስ ይለኛል። ግን ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ያንኑ አንድ ጥያቄ ነው።

ያኔ ከሶደሬ ወረድ ብሎ 14 ሄክታር በኪራይ ይዤ ነበር። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት በመንግሥት እርሻዎች ላይ በባለሙያነት ሠርቻለሁ። ስለ ሰብል የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰውየውን ያገኘሁት በወዳጅ በኩል ነው። ዕድሜው 35 ቢሆን ነው። ዲፕሎማ አለው፤ ዝምተኛ ነው። ወዳጄ «እጁ ንጹሕ ነው» አለኝ። በቃ፣ በዚች አንድ ቃል ቀጠርኩት። ደመወዝ ተነጋገርን፣ ተጨባበጥን። ውል አልተጻፈም። እሱ ምን ይወስናል፣ እኔ ምን እወስናለሁ የሚለውን አንድም ቀን አላነሳነውም።

በመጣ በሳምንቱ ዋናውን ቦይ ከውኃ መሳቢያው ሞተር ቤት እስከ መጨረሻው ማሳ በእግሩ ሄደበት። ውኃ የሚፈስባቸውን ሰባት ቦታዎች አግኝቶ አስደፈነ። ናፍጣው ወዲያው ቀነሰ። ኪሱ ውስጥ እየታጠፈች የምትገባ ሰማያዊ ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነበረችው። ማታ ማታ ፋኖስ ሥር ተቀምጦ ይጽፍባታል። ምን እንደሚጽፍ ጠይቄው አላውቅም። ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ይዞ መጥቶ ነበር። ልጁ እዚያው መንደር ትምህርት ቤት ገባ።

ስድስቱን ሄክታር ሽንኩርት ተክለን ነበር። መጋቢት ሲገባ ደረሰ። ሽንኩርት ሲደርስ አንገቱ ይላላል፤ ቅጠሉ መሬት ላይ ይተኛል። ከማሳው ግማሹ ቅጠሉን ካስተኛ ውኃ ይቆማል። ሁለት ሦስት ሳምንት ደርቆ፣ ቆዳው ጠንክሮ ነው የሚነቀለው። ይህን እንኳን እኔ ማንኛውም የአዋሽ ዳር ገበሬ ያውቀዋል።

ግን ያ ወር ሁዳዴ ነበር። ፋሲካ መጋቢት 30 ነው። የሽንኩርት ዋጋ በየቀኑ ይጨምራል። እኔም አዳማ ቁጭ ብዬ ሒሳብ እሠራለሁ። ሁለት ውኃ ቢጨመርለት ክብደት ያነሳል፤ ለበዓሉ ሳምንት እናደርሰዋለን አልኩ። ለሰውየው ነገርኩት።

«ጋሼ፣ አንገቱ ተኝቷል። ከዚህ በኋላ ውኃ ከጠጣ አይቀመጥም» አለኝ።

«እሺ» አልኩት። እሺ ማለቴ ነው የሚያሳዝነኝ። ብከራከረው ኖሮ ይሻል ነበር። ማታ ቤቴ ሆኜ ለውኃ አጠጪው ደወልኩ። «ልቀቅበት» አልኩት። ከአራት ቀን በኋላ ደግሜ ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት ማሳ ሲገባ እግሩ ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ማን እንዳዘዘ ግልጽ ነበር። ምንም አላለኝም።

ከዚያ የበልግ ዝናብ ጣለ። ሽንኩርቱ እርጥብ እንደሆነ ተነቀለ፤ ሳይደርቅ ጆንያ ገባ። ሊጭን የተስማማው ነጋዴ አይሱዙውን አምስት ቀን አዘገየው። ከማሳው ናሙና መዝኜ 1,100 ኩንታል ገምቼ ነበር። ተሽጦ የተገኘው 740 ነው።

360 ኩንታል የት ገባ? አንድ ሰው መጥቶ በጆሮዬ «ሌሊት መኪና ሲወጣ ታይቷል» አለኝ። ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ቅዳሜ፣ የደመወዝ ቀን ነበር። 60 የሚሆኑ የቀን ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ሚስቱ ለሠራተኛው ሻይ ታፈላለች። ልጁ አጠገቧ ነው። እዚያው መሐል ቆሜ «ሽንኩርቴን የት አደረስከው?» ብዬ ጮህኩበት። ሌላም ተናገርኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ የተናገርኩትን ሁሉ እዚህ መድገም አልችልም። እሱ የያዘውን የደመወዝ ወረቀት አጠፈ። ቀና ብሎ አየኝና ክፍያውን ቀጠለ። የመጨረሻው ሠራተኛ እስኪከፈል ድረስ ከቦታው አልተነሳም።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። የመጋዘኑ፣ የሞተሩ ቤትና የኬሚካሉ። ደብተሯንም ከላይ አደረጋት። ፎርማኑን ጠርቶ ዕቃውን አንድ በአንድ አስቆጥሮ አስረከበኝ። አልተጣላኝም። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ።

ደብተሯን የከፈትኳት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሞተሩ በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ሊትር እንደበላ፣ ስንት ሰው እንደዋለ፣ ሁሉም ተጽፏል። መጋቢት 6 ላይ እንዲህ ይላል፤ «ውኃ ይቁም ብዬ ለባለቤቱ ተናግሬአለሁ። ሌሊት ተለቋል፤ በእኔ ትዕዛዝ አይደለም።» ወደ መጨረሻው ገጽ ደግሞ በየቀኑ የተጣለው ተመዝግቧል። የበሰበሰ 40 ጆንያ። የበሰበሰ 65። ሲደመር 290 ጆንያ ነበር፤ የተጣለበት ጉድጓድ ጭምር ተጽፏል። ሄድኩ። ከጉድጓዱ ሃምሳ ሜትር ሳልደርስ ሽታው መለሰኝ። ቀሪው ጉድለት እኔ ያጠጣሁት ውኃ ነው፤ ስመዝነው ነበረ፣ እስኪሸጥ ደረቀ። ሌሊት ወጣ የተባለው መኪናም የጎረቤት እርሻ ቲማቲም የጫነ ነበር።

ሽማግሌ ላክሁ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አርሲ ድረስ ሄዱልኝ። በአክብሮት ተቀበላቸው። «ይቅር ብያለሁ፤ ግን አልመለስም» አለ። ለምን ሲሉት፣ እሱና ቤተሰቡ ከእርሻው ከመሄዳቸው በፊት ባለችው አንድ ቀን ልጁን መንደር ውስጥ «የሌባ ልጅ» እንዳሉት ነገራቸው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ግን እነዚያ 60 ሰዎች ናቸው። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሐዲያ ለሥራ የመጡ ነበሩ። ወቅቱ ሲያልቅ ተበተኑ። ስሳደብ ሰምተዋል፤ ስጸጸት አልሰሙም። አንዳንዶቹ ዛሬም «ያ ሌባ ሥራ አስኪያጅ» እያሉ ያወሩ ይሆናል።

አባቴ ወንጂ ሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ካቦ ነበር። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የሚያስተዳድሩት ሆላንዶች ናቸው። ልጅ ሆኜ ማታ ማታ ራቱን ይዤለት እሄድ ነበር። ፋኖስ ይዞ በቦዩ ዳር ሲመላለስ አገኘዋለሁ። ብርሃኗን ከሩቅ አይቼ ነው የምለየው። ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ነገር ነበር። አለቃው ውኃ አጠጪው አጠገቡ ቆሞ እያለ ለእሱ አይናገርም። አባቴን ያስጠራል፤ ለአባቴ ይነግረዋል፤ አባቴ ለሰውየው ይነግረዋል። ያኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ይህን እያየሁ አድጌ፣ ተምሬ፣ ሠርቼ፣ በመጨረሻ ለውኃ አጠጪ በሌሊት ስልክ ደወልኩ።

ስለዚህ ለልጅቷ እንዲህ አልኳት። ሰው ከመፈለጋችሁ በፊት ሦስታችሁ ቁጭ በሉና እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ። ውኃው በማን ትዕዛዝ ይቆማል? ሳይጠይቃችሁ እስከ ስንት ብር ያወጣል? የቀን ሠራተኛ ማን ይቀጥራል፣ ማን ያሰናብታል? ከደላላ ጋር ዋጋ የሚነጋገረው ማነው? ይህን ካልወሰናችሁ የምትቀጥሩት ሰው ስሙ ሥራ አስኪያጅ ይሁን እንጂ ዘበኛ ነው። ባለሙያ ደግሞ በዘበኝነት አይቆይም።

የወሰናችሁትን ጻፉት። ብዙዎቻችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሁሉንም ይሸፍናል ትላላችሁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156 ለሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። የሥራ መሪን ግን አይመለከትም። ሰው የመቅጠር፣ የመመደብና የማሰናበት ሥልጣን የሰጣችሁት ሰው የሥራ መሪ ነው። እሱን የሚገዛው የፍትሐ ብሔር ሕጉና ውላችሁ ነው። የሙከራ ጊዜውን፣ የመሰናበቻ ማስጠንቀቂያውን፣ ከምርቱ የሚያገኘውን ድርሻ ውሉ ላይ አስገቡ። ድርሻ ስጡት፤ በደመወዝ ብቻ ሌሊት ተነስቶ ሞተር የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

ሰው ስትመርጡ ቢሮ ውስጥ አትቀመጡ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማሳ ይዛችሁት ግቡ። ዝም በሉ። የት ላይ እንደሚቆም እዩ። አንድ ጊዜ ሁለት እጩዎች ይዤ ገብቼ ነበር። አንደኛው ዲግሪ አለው፤ ስለ ጠብታ መስኖ ጥሩ አድርጎ ያስረዳል። ሁለተኛው ሳያወራ የጠወለገች የቲማቲም ችግኝ ነቀለ፤ ሥሯን በጥፍሩ ላጥ አድርጎ አየና «ውኃ በዝቶባታል» አለኝ። የቀጠርኩት እሱን ነው። መልካሳ ምርምር ማዕከል ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሄደም ጠይቁት። ከ1961 ዓ.ም. ጀምሮ አጠገባችን ያለ ተቋም ነው፤ አዳማ ሬድ የተባለው የሽንኩርት ዝርያ የወጣው ከዚያ ነው። በሩን ረግጦ የማያውቅ የአካባቢያችን የአትክልት ባለሙያ ካለ ይገርመኛል።

የቀድሞ አለቃውን ብቻ አትጠይቁ። በፊት የሠራበት እርሻ ሄዳችሁ ጥበቃውንና የቀን ሠራተኞቹን አናግሩ። ክፍያ ያዘገይ ነበር? ኬሚካል ረጪዎቹን ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል ያሰማራ ነበር? መልሳቸው የሰውየውን ልክ ይነግራችኋል። አፋን ኦሮሞ የማይሰማ ሰው ደግሞ እዚህ አገር ይቸገራል። የውኃ ተራ፣ የከብት መግቢያ፣ የአጥር ጉዳይ ሁሉ ከጎረቤት ገበሬ ጋር ተነጋግሮ ነው የሚያልቀው።

ዘመድ አትቅጠሩ። ልታርሙት አትችሉም፤ እሱም ሊቃወማችሁ ያፍራል። እርግጥ ከዚያ ሁሉ በኋላ ረጅም ጊዜ አብሮኝ የሠራው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ግን ፊት ለፊት «አይሆንም» ይለኝ ነበር። ምናልባት ማለት የፈለግሁት «አይሆንም» ሊላችሁ የማይችል ሰው አትቅጠሩ ነው።

አንድ ነገር ላንሳ፤ አትቀየሙኝ። የዘንድሮ ልጆች እርሻን በቴሌግራም ፎቶ ልትመሩ ትሞክራላችሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠዋትና ማታ ፎቶ ይልካል፤ እናንተ ከአዳማ ካፌ ሆናችሁ ትእዛዝ ትልካላችሁ። የእኔ የሌሊት ስልክ እኮ ነው፤ ፎቶ ተጨመረበት እንጂ። በሌላ በኩል በመዝገብ አያያዝ ትበልጡናላችሁ። እኔ ያቺን ደብተር በየሳምንቱ ባነብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። በየሳምንቱ ሂዱ፣ መዝገቡን አብራችሁ እዩ፣ የማይገባችሁን ጠይቁ። ማሳ ላይ ግን ለማንም ትእዛዝ አትስጡ። ለእሱ ብቻ ንገሩት። ከእሱ ጋር ካልተስማማችሁም ተከራከሩ፤ ለብቻችሁ ሆናችሁ፣ በር ዘግታችሁ።

ልጅቷ ሁለት ሰው እንዳገኘች ትናንት ደወለችልኝ። ቅዳሜ ማለዳ ማሳ ላይ እንገናኛለን ብያታለሁ። ያቺን ሰማያዊ ደብተር ይዣት እሄዳለሁ። ሽፋኗ ተቀዷል፤ ጽሑፉ ግን ዛሬም ይነበባል።