የጎረቤቴ ጉድጓድ ስምንተኛ ክረምቱን ሊቀበል ነው

የአንባቢያን ጥያቄ ለመሐንዲሱ

ጥያቄ፦ ጋሼ መሐንዲስ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቤቴ ተክለ ሃይማኖት ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ከእናቴ የወረስኩት ካርታ ያለው ቤት ሲሆን ከኋላ በኩል አንድ መኝታ ክፍል በብሎኬት ጨምሬበታለሁ። ከአጥሬ ማዶ የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ቦታው በሊዝ ለአንድ ባለሀብት ተሰጠ። በጥር 2010 ኤክስካቫተር ገብቶ ሁለት ወር ሙሉ ሲቆፍር ከረመና ቆመ። ሁለት ምድር ቤት ያለው ባለ 9 ፎቅ ሕንጻ ይሠራበታል ተብሎ ነበር። ይኸው እስከዛሬ በቆርቆሮ እንደታጠረ ነው። በየክረምቱ ውሃ ይሞላል፤ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲገባባቸው ቆርቆሮውን ገልጠው ይገባሉ። አምና መስከረም የመኝታ ክፍሌ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ ዘንድሮ ስንጥቁ ጣቴን ያስገባል። ጥበቃው «ባለቤቱ ውጭ አገር ናቸው» ይለኛል፤ ወረዳ ስሄድ «ይታያል» ይሉኛል። ጎረቤቶቼ ክረምቱ ሳይገባ ገንዘብ አዋጥተን፣ ፓምፕ ተከራይተን ውሃውን እናውጣው እያሉ ነው። ምን ይመክሩኛል? (ወ/ሮ ጥ.፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ ፓምፑ ነው። እባክዎ ጎረቤቶችዎን ዛሬውኑ ሰብስበው ይንገሯቸው፤ ውሃው በችኮላ እንዳይወጣ።

ሲያዩት የተገላቢጦሽ ነገር ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ነው፦ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አፈር ሰባት ክረምት ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ጉድጓዱ ውስጥ የተኛው ውሃ ደግሞ ያንን የከበደ አፈር ከፊት ሆኖ ደግፎታል። ፓምፑ ውሃውን በአንድ ሌሊት ቢመጠው ድጋፉ ይነሳል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ግን እንዲያ ቶሎ አይወጣም። የሚናደው ያን ጊዜ ነው። ውሃው መውጣት አለበት፤ የሚወጣው ግን ባለሙያ ቆሞ እያየ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተቀነሰ፣ ጎን ለጎንም የጉድጓዱ ግድግዳ እየተደገፈ ወይም አፈር እየተሞላ መሆን አለበት።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ መሐል ከተማ አንድ ሳይት ላይ የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ቁፋሮው 7 ሜትር ሲደርስ ባለቤቱ ገንዘብ አለቀበት። ኮንትራክተሩ ግድግዳውን የደገፍንባቸውን የኪራይ ብረቶች ነቅሎ ወሰደ፣ ፓምፑም ሄደ። እኔም የሳይት መዝገቡ ላይ «ሥራ ቆሟል» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ ወጣሁ። በነሐሴ ሌላ ሥራ ተቋራጭ ሊረከብ ነው ተባለና ውሃውን በሁለት ቀን መጠጡት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የጎረቤት ወጥ ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር የቤቱ እመቤት በሌሊት ለኪዳን ወጥተው ነበር። ያ ባይሆን በዚያ ሰዓት እሳት የሚያነዱት እዚያው ነው። ምጣዱ ለሁለት ተከፍሎ ከታች ጭቃው ላይ ተኝቶ አየሁት። የቆመው የእኛ ሥራ ብቻ ነበር፤ ውሃውና አፈሩ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ሥራ ቆሟል» የሚል ወረቀት ላይ ጉድጓዱ በምን ተደግፎ እንደቀረ ሳልጽፍ ፈርሜ አላውቅም።

አሁን ወደ ስንጥቁ። ጣት ካስገባ ቀላል አይደለምና ሁለት ነገር ይዩልኝ። መጀመሪያ፣ የሚሰፋው ከላይ ነው ከታች? ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ ወደ ላይ ሲሄድ የሚሰፋ ከሆነ ክፍሉ ወደ ጉድጓዱ እያዘመመ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ፣ እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራውን ይፈልጉልኝ። ጓሮዎ ውስጥ መሬቱ ላይ፣ ከጉድጓዱ አፋፍ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ? ሣር ወይም ቅጠል ሸፍኖት ይሆናልና በመጥረጊያ ጠርገው ይዩ። ካገኙት በዚያ ክፍል ማንም እንዳያድር፤ አልጋውን ዛሬውኑ ወደ ፊተኛው ቤት ያዛውሩት።

መሬቱ ላይ ያለውን ስንጥቅ ጭቃ ረግጠው ይድፈኑት፤ በላዩ ላስቲክ ዘርግተው ዳር ዳሩን ድንጋይ ይጫኑበት። ዝናብ በዚያ ቀዳዳ እንዳይገባ ነው። አሸንዳዎ ወዴት እንደሚያፈስ ይመልከቱ፤ ወደ ጉድጓዱ በኩል ከሆነ በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ ያዙሩት። ሮቶ በዚያ አጥር ጥግ ካለ ያንሱት፤ ባለ 2 ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ 2 ቶን ነው፣ እንደ መኪና ቁጠሩት። የመጸዳጃ ጉድጓድም በዚያ በኩል ከሆነ ያስመጥጡት፣ የሚያፈስ እንደሆነም ያስጠግኑት።

ከዚያ ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ትንሽ ጀሶ ይግዙ። በውሃ ለውሰው በግድግዳው ስንጥቅ ላይ አሻግረው፣ መዳፍ በሚያህል መጠን፣ ሦስት ቦታ ይለጥፉ፤ ሲደርቅ በእስክሪብቶ ቀኑን ይጻፉበት። ጀሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ትንሽ ቢንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የቆየ ነው ወይስ እየሄደ ያለ የሚለውን ክርክር ይህ ይዘጋዋል። በየሳምንቱ ማስመሪያ አስደግፈው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ወረዳ «ይታያል» ያሉዎት በቃል ስላመለከቱ ይመስለኛል። በቃል የተነገረ አቤቱታ መዝገብ ቤት የለውም። በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ቁፋሮው መቼ ተጀምሮ መቼ ቆመ፣ ከቤትዎ ግድግዳ እስከ ጉድጓዱ አፋፍ ስንት ሜትር ነው (በገመድም ቢሆን ይለኩት)፣ ስንጥቁ መቼ ታየ፣ ጀሶው መቼ ተለጠፈ፣ መቼ ተሰነጠቀ። ፎቶዎቹንና የካርታዎን ቅጂ አያይዘው ለክፍለ ከተማው የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ያስገቡ፤ ግልባጩን ለወረዳውና ለእሳትና አደጋ ሥጋት አመራር ኮሚሽን። በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳያስደርጉ ከመስኮቱ አይሂዱ። አፈር ሲናድ ካዩ ወይም በር አልዘጋ፣ መስኮት አልከፈት ማለት ከጀመረ ግን ደብዳቤ አይጠብቁ፤ ሁላችሁም ከቤት ወጥታችሁ ወደ 939 ደውሉ።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለቤት መሬቱን መቆፈር ቢችልም የጎረቤቱን መሬት እንዳያናጋ ይከለክለዋል። የሕንጻ አዋጁም የሚቆፍር ሰው በአጠገቡ ያለ ንብረት እንዳይጎዳ አስቀድሞ መከላከያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ባለቤቱ ውጭ አገር መሆናቸው ግዴታውን አያነሳላቸውም። ቦታውን የወሰዱበት የሊዝ ውልና የግንባታ ፈቃዱ ፋይል ውስጥ ስማቸው፣ የአማካሪውና የሥራ ተቋራጩም ስም አለ። ጠበቃ ከያዙ መጀመሪያ ያንን ፋይል ያስጠይቁ።

ለምን ቆመ ብለው አልጠየቁኝም፤ ሰፈሩ ግን ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ስለሆነ የማስበውን ልንገርዎት። የከተማ መሬት ከሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ አዲስ ቦታ የሚያዘው በሊዝ ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ ግንባታ የሚያልቅበትን ጊዜ ቆርጧል፦ ለአነስተኛ 24 ወር፣ ለመካከለኛ 36፣ ለከፍተኛ 48። በተወሰነው ጊዜ ያልጀመረ ውሉ ይቋረጥበታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መሬት ታጥሮ እንዳይቀመጥ ነው። ነገር ግን ባለፉት ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት፣ ገንዘቡን ያላዘጋጀ ሰው ቦታውን እንዳይነጠቅ ኤክስካቫተር ተከራይቶ ይቆፍራል። ከግንባታ ሁሉ ርካሹ ቁፋሮ ነው። ጉድጓዱ የ«ጀምሬያለሁ» ማስረጃ ይሆናል፣ ፋይሉ ውስጥ ፎቶው ይገባል፣ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር የለም። ባዶ ሜዳ ሆኖ ቢቆይ ለእርስዎ ስንት እጥፍ ይሻል ነበር!

በቅን ልብ ጀምረው የቆመባቸውም ብዙ ናቸው። ነሐሴ 2013 ብሔራዊ ባንክ በንብረት ዋስትና የሚሰጥ ብድርን ለጊዜው ሲያግድ ኮለን (ምሰሶ) ላይ ደርሰው ሥራቸው የተቋረጠ ሕንጻዎች አሉ። ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ሊፍቱ፣ አሉሚኒየሙ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የብዙዎች የማጠናቀቂያ ስሌት ተበላሸ። ወንድማማቾች ውርስ ላይ ተካሰው በፍርድ ቤት እግድ የቆመም አለ። ለእነዚህ አዝናለሁ። ሐዘኔ ግን የእርስዎን ግድግዳ አይደግፍም።

ታጥሮ የኖረ ቦታ ሊነሳ እንደሚችል ፒያሳ አይተናል። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የነበረው ስፍራ ለስንት ዓመት በቆርቆሮ ተከልሎ ስናልፍበት ኖረን፣ ዛሬ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሞበታል፤ የካቲት 2016 ተመረቀ። እርስዎ ሰፈር ያለው ግን መታሰቢያ እስኪቆምበት መጠበቅ አይችልም። እኔ ብጠየቅ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ጥልቅ ቁፋሮ ሲፈቀድ፣ ሥራው ቢቆም ጉድጓዱን መልሶ መሙያ የሚበቃ ገንዘብ በባንክ ዋስትና ይያዝ። ባለቤቱ ጠፋ ሲባል ከተማው በዚያ ገንዘብ አፈር ይመልስበት።

ልጆቹን አደራ። ቆርቆሮው የተገለጠበትን ዛሬ በሚስማር አስመቱት፤ ለጥበቃውም በምስክር ፊት ይንገሩት። ጀሶውን የለጠፉበትን ቀንና ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ያዩትን ጽፈው ይላኩልኝ።

ጥያቄ፦ አባቴ አዳማ ላይ ባለ 4 ፎቅ ጀምሮ ሁለተኛው ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ላይ ቆመ። ስድስት ዓመት ሆነው። የኮለኑ ፌሮዎች (የብረት ዘንጎች) ወደ ላይ ቆመው ዝገዋል። አሁን ገንዘብ አግኝተናል፤ ፎርማኑ «ሲሚንቶ ቀብተን እንቀጥላለን» ይላል። ይቻላል? (ዳ.፣ አዳማ)

መልስ፦ ልጄ፣ ፎርማኑ ቸኩሏል። መጀመሪያ ፌሮውን በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ድረስ አጽዳውና በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለካው፤ በተለይ ከሶሌታው በሚወጣበት ሥር። ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ከላይ ደህና መስሎ ሥሩ የተበላ ብዙ አይቻለሁ። 16 ሚሊ የነበረ 14 ሚሊ ሆኖ ካገኘኸው አቅሙ ወደ ሩብ የሚጠጋ ቀንሷል፤ ቆርጦ መጣል ወይም ተሰርስሮ አዲስ ፌሮ መትከል ይመጣል። ሶሌታው ላይም ውሃ ተኝቶ ከነበረ ከሥሩ ገብተህ ነጭ የወረደ ነገርና የዝገት መስመር ፈልግ። ኮንክሪቱን ላቦራቶሪ ወስደህ አስፈትሸው።

ሌላው፣ ዲዛይኑ የተሠራው በየትኛው የሕንጻ ኮድ (የዲዛይን ደንብ) ነው? በ1995ቱ የፈረንጆች ዓመት ኮድ ከሆነ፣ በ2015ቱ የፈረንጆች ዓመት ኮድ ተተክቷልና መዋቅሩ እንደገና ይሰላ። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለው፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ከአልጋው አስነስቷል። ላቦራቶሪውም ስሌቱም ወጪ አላቸው፤ ከአንድ ኮለን ዋጋ ጋር አወዳድረውና ፍረድ።

አባትህን ደግሞ የሳይት መዝገቡን ጠይቀው። እያንዳንዱ ኮለን በየትኛው ቀን እንደተሞላ፣ ሥራው ሲቆም ምን ተሸፍኖ ምን ሳይሸፈን እንደቀረ ተጽፎ ይሆናል። ከተገኘ ለመሐንዲሱ ከሁሉ በፊት እሱን ስጠው።