መልስ፦ ፓስተሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን ይሠራል?

«የከተማ ሉተራን ፓስተር ከእሁድ ስብከት ሌላ ምን ሥራ አለው? ማግባትስ ይችላል?» ብለሃል። ወንድሜ፣ እሁድ እኮ ከሥራው የሚታየው ጫፍ ብቻ ናት።

ፓስተር ቤት ነው ያደግኩት። በእኩለ ሌሊት ስልክ ሲጮኽ እናቴ ሳትጠየቅ የአባቴን ካፖርት ታቀብለዋለች። አንድ ሰው ሊሞት ነው ማለት ነው። ትንሽ የቁርባን ሣጥን ነበረችው፤ ጽዋዋ አውራ ጣቴን ብታህል ነው። እሷን ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል፣ መዝሙር 23ን ያነባል፣ ከዚያ ዝም ብሎ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል። ከባዱ ዝምታው ነው ይል ነበር።

ከተማ ላይ ደግሞ ሰው አይረጋም። ዛሬ ልጁን ያስጠመቀ ቤተሰብ በዓመቱ ሌላ ሰፈር ገብቷል። ስለዚህ ግማሽ ሥራው የጠፋ ሰው ፍለጋ ነው። ስብሰባውን፣ በጀቱንና የሚያፈሰውን ጣሪያ ተወው።

ማስተማርም አለ። ሉተራኖች ስማቸውን ያገኙበት የጀርመኑ የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1529 ትንሹን ካቴኪዝም (በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የእምነት መማሪያ) ያወጣው በየሰበካው ዞሮ ሕዝቡም ብዙ ቀሳውስትም መሠረታዊውን ትምህርት እንደማያውቁ ካየ በኋላ ነው። ወጣቶች ለማጽናት ሥርዓት፣ ማለትም በሕፃንነታቸው የተጠመቁበትን እምነት በራሳቸው አፍ ለሚያረጋግጡበት ሥርዓት፣ ሲዘጋጁ ዛሬም ይማሩታል። ፓስተሩ ታዲያ ከእጅ ስልካቸው ጋር ትግል ይገጥማል።

ማግባት? አዎ ይችላል። መነኩሴ የነበረው ሉተር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1525 መነኩሲት የነበረችውን ካታሪና ፎን ቦራን አግብቷል። በብዙዎቹ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ሴቶችም ይሾማሉ፤ በአንዳንዶቹ ግን አይሾሙም።

ለቤተሰብ ግን ቀላል አይደለም። አባታችን በበዓል ቀን ቤት የሚገባው ራቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነበር።