አማርኛ 12ኛ ላይ ከሌለ 8ኛ ላይ ለምን ይፈተናል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ «ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ትፈተናለች፤ አባቷ ግን አማርኛ 12ኛ ላይ ስለማይመጣ ጊዜዋን ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ ብቻ ትስጥ ይላል፤ ታናሽ ወንድሟም ለከርሞ የ6ኛ ተፈታኝ ነው» የሚል ነው። እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ። መጀመሪያ አዊ ዞን ነበርኩ፣ አሁን አዲስ አበባ ነኝ። ስለዚህ ለሙያዬ ባደላ አይገርምሽ።

አባቷ ያለው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አማርኛም ሌሎች የአገር ቋንቋዎችም ይፈተኑ ነበር። ያ ፈተና ከቀረ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚፈተነው ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ያልደነገጠ ወላጅ አልነበረም። ከዚያ በኋላ «አማርኛ ምን ይሠራል» የማይለኝ ወላጅ ብርቅ ሆኗል።

እኔ በሥራዬ ያየሁት ግን ይህ ነው፤ ፈተና ያለው ትምህርት ክፍለ ጊዜው ይከበርለታል፣ የሌለው ይዘረፋል። 8ኛ ክፍል ሳስተምር ርእሰ መምህሩ «ምንባቡ የት ደረሰ?» እያለ ይጠይቀኛል። 11ኛ ላይ ደግሞ የእኔ ሰዓት ለፊዚክስ ቱቶሪያል ሲሰጥ የሚያስፈቅደኝ እንኳ የለም። አዊ ሳለሁም ተመሳሳይ ነገር ነበር። ልጆቹ በታችኛው ክፍል በአውኛ ይማራሉ፤ አንዳንዱ ወላጅ «ቤት የሚያወራውን ደግሞ ምን ያስተምሩታል» ብሎ ያጉረመርማል። አውኛው ፈተና ላይ ሲመጣ ግን መጽሐፉ ከቦርሳ ይወጣል። የክልል ቋንቋ ፈተና ትልቁ ጥቅም፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጁን መመዘኑ ሳይሆን ትምህርቱን በፕሮግራም ላይ ማቆየቱ ነው።

በመመዘን በኩል ግን ደካማ ነው፣ አልክድሽም። ፈተናው ሁሉ ምርጫ ነው፤ ልጁ አንብቦ በእርሳስ ያጠቁራል። «ከሚከተሉት ውስጥ የደብዳቤ ክፍል ያልሆነው የቱ ነው?» ሲባል ሁሉም ይመልሳል። ባለፈው ዓመት እኔ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ በአማርኛ ከክፍሏ የተሻለ ነጥብ አምጥታ 9ኛ ገባች። መታወቂያ ጠፍቶባት ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ጻፊ ስትባል፣ ቀኑን ከላይ በስተቀኝ፣ «ጉዳዩ» የሚለውን ከመሃል በትክክል አስቀመጠች። ከዚያ በታች ግን አንድ አረፍተ ነገር መጻፍ አቃታት። ባለቤትና ተሳቢ መለየት ታውቃለች፤ የጠፋባትን ነገር አስረድታ መጠየቅ ግን ማንም አላለማመዳትም፤ ምክንያቱም ማንም አይፈትናትም። ለእኔ መስተካከል ያለበት እዚህ ጋ ነው። አንድ አንቀጽ የሚያስጽፍ ጥያቄ ቢጨመር አራሚው ይበዛል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ግን መምህሩ በማግስቱ ማስጻፍ ይጀምራል።

«እንግሊዝኛ ላይ ብቻ ታተኩር» ለሚለው፤ በ1999 ዓ.ም. ገደማ ለትምህርት ሚኒስቴር የተሠራ ሰፊ ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት፣ ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከዞሩት ይልቅ በ8ኛ ክፍል ምዘና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። እኛ አዲስ አበባ 7ኛ ላይ ነው የምንዞረው፣ ኦሮሚያና ትግራይ ግን እስከ 8ኛ ይቆዩበታል። ለልጅሽ ይህ አልፏል፤ ግን በአማርኛ የረዘመ ጽሑፍ አንብባ ዋና ሐሳቡን ማውጣት ካልለመደች እንግሊዝኛውም ምንባብ ላይ ሲደርስ ያንገዳግዳታል። በሳምንት ሁለት ሰዓት ይበቃታል። ግማሹን የቀድሞ ፈተናዎች ትሥራ፣ ግማሹን ትጻፍ። ምን ትጻፍ ካልሽ፣ የሰፈራችሁን የውኃ መጥፋት ለወረዳው አቤት ትበል፣ አባቷ ያንብብላት።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ታናሽየው ነው፤ በጥያቄሽ ላይ በአንድ መስመር አልፈሽዋል። የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማረው ብለሻል። እዚህ ከተማ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ከታች ጀምሮ ሒሳብና ሳይንሱን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያስተምራሉ፤ የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ግን የሚመጣው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ነው። ስሌቱን በደንብ የሚያውቅ ልጅ «የጎነ ሦስቱን ስፋት ፈልግ» ሲባል ፈታኙን ቀና ብሎ ሲያይ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁኑኑ የመንግሥቱን የ5ኛ ክፍል የሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፍ በአማርኛ ፈልጊለትና በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የጨረሰውን ምዕራፍ በዚያ ይድገመው። ክረምቱን ከጠበቅሽ ሁለት ዓመት በአንዴ ይከመርበታል። መጽሐፉን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ተውሰሽ ፎቶ ኮፒ ማድረግ ትችያለሽ፤ ካጣሽው እዚሁ ጻፊልኝ፣ እኔ ጋ ያለውን አነሣልሻለሁ።