የተዋስኩትን መጽሐፍ ለማን ልመልስ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በ1991 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል ሳለሁ ከከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ተውሼ ነበር። ሳልመልስ ትዳር ይዤ ወደ ሌላ ወረዳ ሄድኩ። ዘንድሮ ዕቃ ሳገላብጥ አገኘሁትና ይዤው ሄድኩ። በሩ በሰንሰለት ታስሯል። ጥበቃው «ወንበሮቹ ለአዳራሽ ተወሰዱ፣ መጻሕፍቱ ውስጥ ናቸው» አለኝ። በመስኮት ሳይ ሸረሪት አድርቶበታል። ለማን ልስጠው?
ት.፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ፦ እህቴ፣ ቅጣትሽን ላሰላው ብዬ ጀምሬ ተውኩት።

እኔም እዚያው ጎጃም ውስጥ በቤተ መጻሕፍት ውሰት ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። መጽሐፍሽ ጀርባ ላይ 963 የሚል ቁጥር ሳይኖር አይቀርም፤ የኢትዮጵያ ታሪክ የሚደረደረው እዚያ ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ 892 ላይ ነው። (ዛሬም የሆቴል ክፍል ቁጥር ሳይ መደርደሪያ ትዝ ይለኛል።)

ቤተ መጻሕፍት በአንድ ቀን አይዘጋም። መጀመሪያ የመጽሐፍ መግዣ በጀት ይቀራል። ቀጥሎ ውሰት ይቆምና «እዚሁ አንብቡ» ይባላል። ከዚያ የሚመጣው የራሱን ደብተር ይዞ ለማትሪክ የሚያጠና ተማሪ ብቻ ይሆናል። መደርደሪያውን ማንም አይነካውም። አንድ ቀን ከታችኛው ረድፍ መጽሐፍ ስስብ ልባሱ ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ውስጡ የምስጥ አፈር ነበር። እኔ ጡረታ ስወጣ በቦታዬ ሰው አልተተካም።

አዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቶላታል፤ ደስ ይላል። የደጀን ልጅ ግን ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ዓባይ በረሃን አይሻገርም።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። መጽሐፉ የመንግሥት ንብረት ነውና ለጥበቃው እንዳትሰጪ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ሂጂና ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ያድርግልሽ። እግረ መንገድሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ የመጻሕፍቱ መዝገብ የት ነው? መዝገቡ ከተገኘ፣ የተቆለፈባቸው መጻሕፍት ተቆጥረው በሞዴል 22፣ በወጪ ደረሰኙ፣ ወጪ ሆነው ለአንድ ትምህርት ቤት ይሰጡ ማለት ይቻላል። ከጠፋ ግን «የትኛው መጽሐፍ?» ይሉሽና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ብቻሽን አትሂጂ፤ ድሮ የውሰት ካርድ የነበራቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች አስከትዪ።

ከኋላ የተለጠፈውን የቀን ወረቀት እንዳትገነጥዪ፤ ካንቺ በፊት የተዋሱት ሰዎች ቀን አለበት። እስከዚያው ከግድግዳው አርቀሽ፣ ከመሬት ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው።